ሊቀ ሚዛን አያ አድማሴ

እሑድ ነሐሴ ፲፭ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. የተጠራው የባቄላ ምርጫ አልተፈጸመም። ሁለቱ ገንቦዎች ባዶአቸውን ማኅበር ቤቱ ጥግ ተቀምጠዋል። ያስቀመጧቸው ሰው ሞተዋል፤ እኔም ተናድጃለሁ።

ስብሰባ እንዳያልቅ የሚያደርግ ሰው የሌለበት ማኅበር አላየሁም። ሁሉ ተስማምቶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ሊነሣ ሲል ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ማለቴ ነው። የእኛው የቁስቋሞቹ አያ አድማሴ ነበሩ። «ሊቀ ሚዛን» ብለን ሾምናቸው፤ ሹመቱ ፌዝ መሆኑን ያላወቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ሰው «ይህን እወዳለሁ» ካለ፣ «ሰማሁ፤ ስንት?» ይሉታል። ሠርግ ቤት ወጡን ያመሰገነ እንግዳ ሳይቀር «ስንት?» ተብሏል።

ማኅበሩ ያለው እንጨት ለአንድ ድልድይ ብቻ የሚበቃ ነው። የቀሐን ወንዝ የምንሻገረው ግን በሁለት ቦታ ነው። በላይኛው ብዙ ሰው ያልፋል፤ ውኃው ቢሞላም ከጉልበት አይዘልም። በታችኛው የሚያልፉት ወይዘሮ እንኳየሁና ጥቂት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ወደ ላይኛው እንዳይዞሩ ገደል አለባቸው፤ የእነሱ ውኃ ደግሞ ክረምት ክረምት በሬ ይወስዳል። እጅ ብናወጣ ላይኛው ባንድ አፍታ ባሸነፈ።

አያ አድማሴ እምቢ አሉ። ለየመሻገሪያው አንድ ገንቦ አቁመው፣ እያንዳንዱ ሰው በየገንቦው ከምንም እስከ አምስት ባቄላ ይጨምር፣ ብዙ ባቄላ ያገኘው ይሠራ አሉ።

መጀመሪያ በግልጽ ሆነ። ጎረቤቱ እያየው ለጎረቤቱ መሻገሪያ ባዶ እጁን የሚዘረጋ ማን አለ? ሁሉም በይሉኝታ በሁለቱም አምስት አምስት ጨመረና እኩል ወጣ። ቀጥሎ በመጋረጃ ውስጥ ሆነ። ይሉኝታው ቀረና ሁሉም ለራሱ አምስት፣ ለሌላው ምንም።

«አያ አድማሴ፣» አሉ የላይኛው ሰፈር ጠበቃ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ «ይኸ እኮ ያው እጅ ማውጣት ነው። የተጎዳው ባቄላው ነው።»

«ገና ነው፣ መሪጌታ።»

«በጾም ቀን ከምንቆጥረው ብንቀቅለው ይሻል ነበር።»

በሦስተኛው መደመሩን ተዉት። ለየመሻገሪያው የሰጠነውን ከትንሹ እስከ ትልቁ አሰልፈው የመካከለኛውን ሰው ቁጥር ያዙ፤ ያጋነነ እንዳይጠቀም ነው። ብልሃቱ ሸጋ ነበር። ግን የታችኛው ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ከሰልፉ ጫፍ ወደቁ፤ አምስት ቢሉም ሃምሳ ቢሉም መካከሉን አይነኩትም። ላይኛው አሸነፈ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሁላችንም ቤታችን ገብተን ነበር።

«ማጋነኑን ስገድል የእንኳየሁን ፍርሃት አብሬ ገደልሁት» አሉና አፈረሱት። አራተኛውን ለነሐሴ ፲፭ ቀጠሩ። «አሁን ቁጥሩ ትርጉም ይኑረው። አምስት ማለት ሰው ይሞትበታል፤ አንድ ማለት ጫማ ይረጥባል። ይህን እያወቀ የሚዋሽ ከፈጣሪው ጋራ ይነጋገር።»

ዓርብ ዕለት አያ አድማሴን ቀሐ በታችኛው መሻገሪያ ወሰዳቸው። ቅዳሜ ቀበርናቸው። የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ክርክር እንዲህ ተደርጎ አይረታም።

ከዚህ ይልቅ ያናደደኝ ግን የእሑዱ ነው። «በእጅ ይለቅ» ተባለ። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ እጆች ለላይኛው ወጡ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርሁና ብዕሬን አስቀመጥሁ።

«ሰማሁ፤ ስንት?» አልሁ።

የሳቀ የለም።

«ለላይኛው አንድ፣» አሉ መሪጌታ። «የሚረጥበው ጫማዬ ነው።»

«ለታችኛውስ?»

«አትጠይቀኝ። ታውቀዋለህ።»

እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። እንጨቱ ወደ ታችኛው ተጓዘ። ሊቀ ሚዛን ቢኖሩ «አንድ ብቻ? ለምን ሁለት አይሆንም?» ብለው እስከ ማታ ያቆዩን ነበር። ምነው ባቆዩን።

ውኃው የወሰዳቸው ሲመለሱ ነው። ዓርብ ጧት የወይዘሮ እንኳየሁን ጤፍ ወፍጮ ቤት አስፈጭተው፣ ከረጢቱን በትከሻቸው አሻግረው ደጃቸው ድረስ አስረክበዋል። ዱቄቱ አልረጠበም።