ብቻውን የሚፈትሽ ሰው

ብቻውን ሞክሮ «ይሠራል!» የሚል ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔ እዚህ ካምዎክያ ሰፈር አንድ አለኝ፤ ዳዊት ይባላል። ለእትዬ አልማዝ ምግብ ቤት የትእዛዝ መቀበያ ፕሮግራም ሠራ። በራሱ ስልክ ሲነካው መብረቅ ነው።

ሁሉን ቤት ከዘጋው የኮሮና ሎክዳውን በኋላ ምግብ ቤቱ ሊከፈት ሲል «እስቲ አስተናጋጆቹ ሁሉ አንድ ላይ ይንኩት» አልኩት። ነኩት። ስልኩ ሁሉ ቀጥ አለ! እንግዳው በር ላይ ቆሟል፤ ዳዊትን ላብ አጠመቀው። ትእዛዙና የምግብ ዝርዝሩ የሚቀመጡበትን ዳታቤዝ ማን ቆልፎ ያዘው?

እትዬ አልማዝ! የምግብ ዝርዝሩ ላይ ዶሮ ወጥ ሊጨምሩ በስልካቸው ከፍተው፣ ሳይጨርሱ ከአንዲት እንግዳ ጋር ሰላምታ ጀምረዋል። እሳቸው ካልጨረሱ ሌላው አይገባም።

«እትዬ፣ እባክዎ ይዝጉት!» አለ ዳዊት።

«ቆይ እንጂ! ገና የእናቷን ጤና መች ጠየቅኳት?»

ዛሬ ዳዊት ፍተሻ ሊጀምር ሲል «እትዬን ጥሩልኝ» ይላል፤ «ሰላም የሚሉትንም ሰው አምጡ።»