ደረትህ ሌላ አለ

ውሸት የማያልፈው አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዳንዱ ዓይን አይቼ አውቃለሁ ይላል፣ አንዳንዱ እጅ። የእኛው ግን ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሚያነቡትም ደረት ነው። ስማቸው ከተረሳ ቆየ፣ ሁሉም ሰው ዳኛው ይላቸዋል።

የክቡር ዳኛው አሠራር ቀላል ነው። ሜትሩን በደረትህ ዙሪያ ይጠመጥሙና፣ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ እንደሰኩ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው አንድ ጥያቄ ጣል ያደርጋሉ። የሚዋሽ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ ሜትሩም ቀጥ ይላል። ያኔ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩህ "ደረትህ ሌላ አለ" ይሉሃል። ይግባኝ የለውም።

አንዱን ሙሽራ ትወዳታለህ ወይ ብለው ጠየቁት። በጣም አለ። ሜትሩ ንቅንቅ አላለም። ሱፉ እስከ ዛሬ እዚያው ተሰቅሏል። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ደግሞ ሲጋራ ካቆምኩ ዓመት ሞላኝ ብለው ጀመሩና ኮታቸውን ሳያስለኩ ወጥተው ሄዱ። እኔም ብሆን ሱሪዬን የቀደድኩት አጥር ስዘል መሆኑን ክጄ ተይዣለሁ። በዚህ ዕድሜህ አጥር ምን አዘለለህ የሚለኝ ካለ፣ ይተወኝ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ዘንድ ነው አባቴን ሱፍ ላሰፋለት ይዤው የሄድኩት።

እህቴ ልታገባ ነው። አባቴ ታሟል። ሐኪሙ ለእኛ የነገረንን ክፉ ነገር እሱ እንዳይሰማ እናቴ ሁላችንንም አስምላናለች። መክሳቱን እንዳታነሳበት፣ እንዲያውም እንዳታስበው አለችኝ። አታስበው ከተባልኩ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። መንገድ ላይ እንዴት አደርክ ያለኝን ጎረቤት ከስተሃል ልለው ምንም አልቀረኝም። ሌላ ሰፊ ጋ እንሂድ ብለውም አባቴ አሻፈረኝ አለ፤ ሃያ ዓመት የለኩት እሳቸው ናቸው። ዳኛውን ቀድሜ ላስጠነቅቃቸው አሰብኩ፤ ግን እሳቸውን ዋሹልኝ ብሎ የሚለምን አፍ ከየት ይምጣ?

ዳኛው ሜትሩን አዞሩ። የአምናው ልክ ደብተራቸው ላይ አለ። ቁጥሩን አየሁት፤ ዘጠኝ ሴንቲሜትር ጎድሏል። አባቴ በመስታወቱ ውስጥ እያያቸው፣ "ከስቻለሁ እንዴ?" አለ።

በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

"ኧረ ጋሼ፣ ያው ነዎት" አሉ ዳኛው። "ይልቅ ሆድዎን ይጠንቀቁ።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሰውዬው ዋሹ! ያውም እየሳቁ! ደብተሩ ላይም የአምናውን ቁጥር ደግመው ሲጽፉ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ሰማይ ተደፋብኝ ብል ማጋነን አይደለም።

ከሱቁ እንደወጣን አባቴ ክንዴን ይዞ ጥቂት ተራመደ።

"ጎበዝ ሰፊ ነው። መዋሸት ግን አይሆንለትም" አለኝ። "እጁ ጀርባዬ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለእናትህ እንዳትነግራት። አላወቀም ብላ ተጽናንታለች።"

ለካ ስንት ወር ሙሉ እኛ እሱን ስንደብቀው እሱም እኛን ይደብቀን ኖሯል። እሺ አልኩት።

በሳምንቱ ሱፉን ልወስድ ሄድኩ። የተሰፋው በአዲሱ ልክ ነው፤ ለባሹ ግን የከሳ እንዳይመስል ትከሻው ላይ ስፖንጅ ገብቶበታል። ያንን ስፖንጅ ስነካው እንባዬ መጣ። ዳኛው ልብሱን በወረቀት እየጠቀለሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጋሼ ነቅተውብኝ ይሆን እንዴ?" አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰሉ እንደከረሙ ያስታውቃል።

"ኧረ በፍጹም። አምኖዎታል" አልኩ፣ ትንፋሼን ይዤ።

ሰውዬው ደረቴን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጥቅሉ መለሱ።

"እሰይ" አሉና ሱፉን አቀበሉኝ።