የወለላን ዜማ የቀማሁ ዕለት

ጡት ያለው ሁሉ ያጠባል የሚል ሰው፣ ጉሮሮ ያለው ሁሉ ቅዳሴ ይቀድሳል ይበለኛ!

ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለው ከእናቴ ቤት የበኩር ልጄን ታቅፌ አራስ ነኝ። ልጁ ከተወለደ ሦስተኛ ቀኑ። "ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም" ይባል የለ? የኔው ልጅ ግን አገር እስኪደነቁር አልቅሶም አላገኘ! ጡቴ አግቶ ድንጋይ አክሏል፤ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም።

ጠያቂ ሴቶች ከበውኛል። አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁሉም የሚያዩት ጡቴን ነው።

"አጥሚት ጨምሩላት!"

"ኧረ አብሽ ነው የሚሻላት!"

"ያኮረፈው የግራው ነው፤ እኔ ዐውቀዋለሁ" አሉ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ፣ ከጡቴ ጋር አብረው ያደጉ ይመስል።

ስድስት ኩባያ አጥሚት ጠጣሁ። ሆዴ ሰማ፣ ጡቴ አልሰማም። የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ የልጁን አፍ አስተካከለችና "ደህና ነሽ፤ ብቻ ተረጋጊ" አለችኝ። በሃያ ሁለት ዓይን ፊት ተረጋግታችሁ ታውቃላችሁ? ገጣሚ ነኝና ለልጁ ግጥም አነበብሁለት። በሁለተኛው ስንኝ ከቀድሞው ብሶ ጮኸ... ሐያሲ ወልጃለሁ!

እትዬ ጥሩወርቅ "እንግዲያማ ቅቤ እናልሰው" ሲሉ እንባዬ መጣ። የልጄ የመጀመሪያ ጉርሻ ከኔ ሳይሆን ከቅቤ ቅል ሊሆን ነው!

ይህን ጊዜ እናቴ ብድግ አለች። "ወለላ እንኳ እንዲህ ከበዋት ወተቷን አትሰጥ!" ብላ ሴቶቹን ወደ ደጅ ነዳቻቸው። ወለላ ላማችን ናት።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቂም ልንገራችሁ። እናቴ ለኔ አንድ ቀን እንኳ ዘፍናልኝ አታውቅም። ለወለላ ግን፣ ከወለላም በፊት ለወለላ እናት፣ ስታልባቸው ጠዋት ማታ ነው! ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቃላችሁ፤ እኔ ደግሞ በረት ሥር ተደብቄ በቅናት ሳዳምጥ ግጥም ተምሬ ወጣሁ።

ሴቶቹ ሲወጡ እናቴ ከጎኔ ቁጢጥ አለች። ትከሻዬን እየደባበሰች ጀመረች፦

"እሰይ እሰይ ወለላ፣ ቀንደ ሸጋይቱ፣
ሳትራገጪ ስጪኝ፣ ሞልቶልሻል ግቱ..."

ስሙን እንኳ አልለወጠችውም! ቀንድ የለኝም ብዬ ልከራከር ስል... ወተቱ ወረደ። ልጁ እንደ ጥጃ ይምገው ጀመር። ሳቅሁ፣ አለቀስሁ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ።

ከግድግዳው ወዲያ ግን "እምቧ!" ሲባል ሰማሁ።

ማታ ወለላ ወተቷን ያዘች። እናቴ ብትዘፍን፣ ብታሻሻት፣ ወይ ፍንክች!

"ሰምታኛለች" አለች እናቴ፣ ባዶውን ማለቢያ ይዛ። "ዜማዋን ለሌላ ስሰጥ ሰምታኛለች። ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያት።"

"እማዬ፣ አራስ ነኝ እኮ!"

"እሷስ?"

ጋቢ ተከናንቤ፣ ማለቢያውን ከያዘችው እናቴ ጋር በረት ገባሁ። ቡሬ ላይ ያስጨበጨበልኝን፣ ስለ ነፍስና ስለ ዘላለም የጻፍሁትን ግጥም ለወለላ አነበብሁላት። ማለቢያውን በእግሯ አሽቀነጠረችው። ሁለተኛዋ ሐያሲ! ግጥሙ ሲያልቅብኝ አንገቷን እያሻሸሁ "እሰይ እሰይ እኅቴ..." የሚል አመለጠኝ።

እናቴ ከሥር ማለቢያውን አቀናች። ጥሽ... ጥሽ... ማለት ጀመረ።

"እሰይ፣ ታረቃችሁ!" አለች፣ ቀና ሳትል። "ሁለት ሴት ልጅ አሳድጌ፣ አንድ ቀን ተስማምታችሁ ታውቃላችሁ?"