በአናጢ መላጊያ የሠራሁት የጃፓን በረዶ

ይሄን ሳልናገር ብሞት ይቆጨኝ ነበር!

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ የጃፓን በረዶ ስትሠራ ቪዲዮ ለቀቀች። ስስ ሆኖ የተፋቀ በረዶ፣ ላዩ ላይ ሽሮፕ። ካኪጎሪ ይሉታል። እኔም ኮመንት ላይ «ይሄንንማ በጃንሆይ ጊዜ ቢቸና ሠርቼዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

ሳቁብኝ። አንዱማ «የእማማ አካውንት ሃክ ተደርጓል» አለ።

እሺ። አረፍ በሉና ስሙኝ።

ያኔ ሞጣ የባልትና አስተማሪ ነበርኩ፣ አዲስ ሙሽራ። አዲስ አበባ ሳድግ ጎረቤታችን አንዲት ጃፓናዊት ነበረች፣ የኢንጂነር ሚስት። በረዶ ተፍቆ ሲበላ ያየሁት እሷ ቤት ነው።

ለፋሲካ ትምህርት ሲዘጋ ባሌ ብርሃኑ ቢቸና እናቱ ቤት ወሰደኝ። አማቴ ወይዘሮ የሺመቤት የሠራሁትን ወጥ ቀመሱና ዝም አሉ።

ዝም ብቻ። የባልትና አስተማሪ ነኝ እኮ!

እልህ ያዘኝ። ለእሑድ እንግዶች የጃፓን ጣፋጭ እሠራለሁ አልኩ። አማቴ ከምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ከውሃ ነው አልኳቸው። ልጃቸውን ለብቻው ጠርተው «ያመጣሃት ልጅ ውሃ ልታበላን ነው» እንዳሉት ኋላ ሰማሁ።

አቶ ቢተው የሚባሉ የቡና ቤት ባለቤት ቢራ የሚያቀዘቅዙበት በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ ነበራቸው። ለምኜ ውሃ አስቀመጥኩና በረዶ ሆነልኝ። መፋቂያ ግን ከየት ይምጣ? ሙቀጫ ውስጥ ወቀጥኩት። ቀይ ከረሜላ በውሃ አቅልጬ አፈሰስኩበት። እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ።

መጀመሪያ የቀመሱት የቤቱ የነፍስ አባት ናቸው።

ሳሉ። ከዚያ እንባቸው ወረደ።

ሙቀጫው የበርበሬ ነበር። አጥቤዋለሁ፣ ግን እንጨቱ የስንት ዓመት በርበሬ ጠጥቷል!

ቄሱ ዓይናቸውን እየጠረጉ የጃፓን ሰው ምን በድሎ ይሄን እንደሚበላ ጠየቁ። ብርሃኑ ሳቁን ሊደብቅ ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ አማቴ የመንጋጋ ጥርሳቸው ተነቀለ። ፊታቸው አበጠ፣ ትኩሳት ያዛቸው። አጥሚቱንም ሾርባውንም እምቢ አሉ። ልጆቻቸው አልጋውን ከበው ቢለምኑም የሚሰሙ አልሆኑም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጣና ቀዝቃዛ ነገር ቢያገኙ ይሻላቸዋል ብሎ ሄደ።

ማንም ወደ እኔ አላየም።

በረዶ ልሥራላቸው ስለው ብርሃኑ «እባክሽ፣ እናቴን አትጨርሺብኝ» አለኝ።

ወጣሁ። ጎረቤት አናጢ ሳንቃ ይልጋል። ከመላጊያው ሥር ስስ ቅርፊት እየተጠቀለለ ሲወጣ ቆሜ አየሁት። የጃፓናዊቷም መፋቂያ ስለት ያለው እንጨት ነበር! መላጊያውን ተውሼ በፈላ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት። አቶ ቢተው ጋ ሄጄ አዲስ በረዶ አመጣሁ። መላጊያውን ገልብጬ በጉልበቶቼ መሃል ያዝኩና በረዶውን በጨርቅ ይዤ ስለቱ ላይ ገፋሁት።

ወረደ። ነጭ፣ እንደተነደፈ ጥጥ። ማር በጥብጬ አፈሰስኩበትና ይዤ ገባሁ።

አማቴ ሳህኑን አዩ። እኔንም አዩ።

«በርበሬው የት አለ?» አሉ ባልታመመው የአፋቸው ጎን።

«የለበትም፣ እማማ።»

አንድ ማንኪያ አጎረስኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ማንኪያውን ከእጄ ወስደው ሳህኑን ራሳቸው ጨረሱት።

«ልጄ፣ ድገሚኝ።»

ልጄ! እስከዚያች ሰዓት «የብርሃኑ ሚስት» ነበርኩ።

ሲመሽ ትኩሳቱ ቀለል አላቸው፣ አጥሚቱንም ጠጡ። ቄሱ ሊጠይቁ መጥተው ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ አልሄድ አሉ። በመጨረሻ ለበሽተኛዋ ከተሠራው ተርፎ እንደሆነ በቀስታ ጠየቁኝ። ሁለት ሳህን በሉ። አቶ ቢተው ፍሪጁን ለእኔ ስለለቀቁ ደንበኞቻቸው ሞቅ ያለ ቢራ ጠጡ አሉ።

አናጢው መላጊያውን ሊወስድ ሲመጣ አማቴ ባበጠ ጉንጫቸው ከአልጋ ቀና አሉ።

«አንተ ለራስህ ሌላ ሥራ፤ ይሄ የምራቴ ነው።»

መላጊያዬን ታቅፌ ሞጣ ተመለስኩ። ወጤ ግን እስከ ዛሬ ያው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ባልትና ተምሬ፣ ያን ሁሉ ዓመት ባልትና አስተምሬ፣ ያስመሰገነኝ የአናጢ ዕቃ ከሆነ፣ እስቲ ፍረዱኝ፣ እኔ ትምህርት ቤት ምን አስኬደኝ?