ለክርን የሚመች ኮርቻ

በርጫ ላይ፣ ጫት እየቃመ ኮርቻ የሚመርጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ አብዲ ነው። አውበሬ ከተማ በሚደረገው የወንድሙ ሠርግ ላይ በአጎቱ ፈረስ እየጋለበ እንደሚገባ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አውርቷል። ፈረሱ አለ፤ የጎደለው ኮርቻ ነበር። ጅጅጋ ገበያ ውስጥ ዋጋው የማያስደነግጥ አንድ ኮርቻ አገኘና "ሳልሞክረውማ አልገዛም" ብሎ፣ ነጋዴውን አስፈቅዶ ከሰዓት በኋላ ጫት ወደምንቅምበት ቤት ይዞት መጣ።

ሙከራውን ባያችሁት! መጀመሪያ ፍራሹ ላይ አስቀምጦ ተፈናጠጠው። ቀጥሎ በጎን ተደገፈው። እኛም በየተራ ተደገፍነው። "ወላሂ፣ ክርኔ እንዲህ ተመችቶት አያውቅም!" አለ አንዱ። እኔማ ጫት እየቃምኩ እንቅልፍ የወሰደኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ምን ምርመራ አለ? ኮርቻው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

የሠርጉ ዕለት አጎቱ ኮርቻውን ፈረሱ ላይ ጫኑት። የፈረሱ ጫንቃ ሰፊ፣ ኮርቻው ጠባብ፤ አጥንቱን ቆንጥጦ ያዘው። አብዲ ገና ከመውጣቱ ፈረሱ ዘለለና አቧራው ላይ ዘረረው።

"ለመሆኑ ምን ላይ ጭናችሁ ነው የሞከራችሁት?" አሉ አጎቱ።



አብዲ ሠርጉ ቤት የገባው ኮርቻውን ታቅፎ በባጃጅ ነው። ዛሬም ግን ስለ ኮርቻው ክፉ አያናግርም፤ ጥፋቱ የፈረሱ ነው ይላል። ስለዚህ ለኮርቻው ልክ የሚሆን ፈረስ የሚያፈላልግ ኮሚቴ አቋቁመናል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እንሰበሰባለን፤ ኮርቻውን የሚደገፈው ሊቀመንበሩ ነው።