የእማማ ጥሩወርቅ ጧሪ

እኛ አገር ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል ስለ ጤናው አይናገርም፤ ያመሰግናል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ጥርሱን አሞት ጉንጩ እንደ ኳስ ያበጠ ሰው እንኳ ሐኪም ፊት ቀርቦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የሚለው። ሐኪሙም ምስጋናው እስኪያልቅ ታግሦ፣ «ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?» ይላል። ሐኪም ለምዶታል። ችግሩ ያልለመደ ጠያቂ ሲመጣ ነው።

እማማ ጥሩወርቅ እዚህ ደብረ ታቦር አንድ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ባለፈው ክረምት ጭቃ አንሸራትቷቸው ዳሌያቸው ተሰበረና አልጋ ላይ ቀሩ። ቁርሳቸውን እኔ አቀርባለሁ። ማገላበጡና ገላ ማጠቡ ግን ልጆቿን ለምታሯሩጥ እንደ እኔ ላለች ሴት ብቻዋን የሚቻል አይደለም። በከተማችን ደግሞ ለአቅመ ደካሞች ቤታቸው ድረስ አስታማሚ የሚልክ ማኅበር አለ። ያለው ይከፍላል፣ የሌለው በነፃ ይታገዛል። ያለውን ከሌለው የሚለይ ሰው ቀድሞ ይመጣል።

የመጣችው ከሌላ አገር ተመድባ ገና ከተማውን ያልለመደች ጨዋ ልጅ ነበረች። ከአልጋው ጎን ቁጭ ብላ ጠየቀች።

«እማማ፣ ኑሮ እንዴት ነው?»

«ተመስገን ልጄ፣ ምን ጎድሎብኝ!»

ጻፈች።

«ጧሪ አለዎት?»

«አለኝ እንጂ! ጊዮርጊስ አለኝ።»

«ቅርብ ነው የሚኖረው?»

«እዚሁ ከዳገቱ ላይ። ጠርቼው ቀርቶ አያውቅም።»

«ሥራ አለው?»

«መቼ ሥራ ፈትቶ ያውቃል!»

«ንብረትስ?»

«ነጭ ፈረስ አለው።»

እኔ ልጅቷ የምትጫወት መስሎኝ በነጠላዬ አፌን ይዤ እስቃለሁ። እሷ ለካ የምሯን ነው! በሳምንቱ መልሱ መጣ፤ ባለ ፈረስ ጧሪ ስላላቸው ሙሉውን ይክፈሉ። ከምናቸው? እማማ ጓሯቸው ዶሮ እንኳ የላቸውም። ካልከፈሉ ደግሞ አስታማሚ የለም፤ ጀርባቸው መቁሰል ጀምሯል።

ቢሮዋ ሄድኩ። «እህቴ፣ ጊዮርጊስ እኮ ታቦቱ ነው» አልኳት።

በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ስቃ ስታበቃ ዓይኗን ጠራርጋ፣ «ይስተካከላል» አለችኝ። «ብቻ ማንም እንደሌላቸው ጎረቤት ይመስክር። እርስዎ ይበሉት።»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። «ማንም የላቸውም» ብል ሰማዕቱን መካዴ ነው። ደግሞስ ማለዳ ቁርሳቸውን አቅርቤ የወጣሁት እኔ ማን ልባል ነው? «አላቸው» ብል እማማ ሳይታጠቡ ሊቀሩ ነው።

«በምድር ማንም የላቸውም» አልኩ።

«‹በምድር› የምትለዋም ትጻፍ?»

«ትጻፍ።»

ተጻፈች። ራሴን ካድኩ፤ እሱን ግን አልካድኩም።

አስታማሚዋ በነፃ መጣች። እማማ ታጥበው፣ ቁስላቸው ተጠርጎ፣ ንጹሕ አንሶላ ላይ ተጋድመው ወደ እኔ ዞሩ።

«አየሽ፣ ያቺ ልጅ ጊዮርጊስ የት እንደሚኖር፣ ምን እንዳለው አንድ በአንድ ጠይቃኝ ሄዳ ነበር» አሉኝ። «አግኝታዋለች ማለት ነው።»

«አዎ እማማ» አልኩ፤ «አግኝታዋለች።»