ጋሽ ኢታና ሳይጠይቁ አያሳልፉም

አዲስ አበባ ውስጥ ሳይጠይቅ የማያሳልፍ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። መንግሥት ይለወጣል፣ መንገዱ ይቆፈራል፣ የቀበሌው ቁጥር ይቀያየራል፤ እሱ ግን ከበሩ አይነቃነቅም። ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ "ወዴት ነው?" ይልሃል። ለቅሶ ልትደርስ ነጠላህን አዘቅዝቀህ ስትወጣም "ወዴት ነው?" ይልሃል። አንዳንዱ ሰፈር እየሳቀ ያልፈዋል፣ አንዳንዱ ያኮርፈዋል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ አቀበቱ ላይ ያለው የእነ ጉደታ ሰፈር ግን የደረሰው ጠያቂ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም፤ የተከበሩ ጡረተኛ ተራራ ወጪ፣ አሰልጣኝ፣ ጸሐፌ ተውኔት፣ ሰዓሊና የመዝሙር ደራሲ ጋሽ ኢታና ነበሩ።

የጋሽ ኢታና ጥያቄ እንደ ሌላው ሰው በአንድ ቃል አያልቅም። "ወዴት ነህ? በየት በኩል ነህ? መቼ ትመለሳለህ?" ይላሉ። አንዱን ዘለህ ብታልፍ ጉልበታቸውን እያሻሹ እስከ ታክሲው ድረስ ይከተሉሃል።

በወጣትነታቸው ራስ ዳሸንን፣ የባሌን ተራሮችና በረዶ የማይለየውን የኬንያን ተራራ ወጥተዋል። ጉልበታቸው አላስወጣ ሲላቸው የካ ውስጥ ያልሞከሩት ሙያ የለም፤ የትኛውንም ሙያ ሲይዙ ግን ጥያቄያቸውን ይዘው ነው የገቡት። እንጦጦ ላይ ሯጮች ያሠለጥኑ ነበር፤ ሯጮቹ ከመሮጣቸው በፊት ቆመው መልስ መስጠት ሰልችቷቸው ወደ ሌላ ሜዳ ሸሹ። ደግሞ ጊዜው የስልጠና ጊዜ ነበርና አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የቡድን ሥራ እንዲያስተምሩለት ጠራቸው። ጋሽ ኢታና አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ሠራተኛ በሙሉ በአንድ የተራራ ገመድ ወገብ ለወገብ አሰሩት። ሻይ ያማረው ሰው በግራና በቀኝ ለታሰሩት ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ አስታውቆ ነው የሚፈታው። ኃላፊው ስልክ ተደወለላቸውና እንደ ልማዳቸው ማንንም ሳያናግሩ ብድግ ብለው ወጡ፤ የሒሳብ ክፍሉ ከነወንበሩ እየተንጋጋ ተከትሏቸው ኮሪደር ገባ።

ለቀበሌው ወጣቶች የጻፉት ድራማ ከዚያ አይሻልም። ከመድረክ የሚወጣ ሰው ሁሉ መንገዱን ሳይናገር ስለማይወጣ ድራማው ተጀምሮ አያልቅም ነበር። ሌባው ሳይቀር የትኛውን አጥር ዘሎ እንደሚገባና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚመለስ ለሚሰርቃት ሴትዮ አስረድቶ ወጣ። ተመልካቹ በሳቅ ሲንከባለል ጋሽ ኢታና ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብለው፣ ሌባም ቢሆን ቢወድቅ የሚፈልገው ሰው ያስፈልገዋል ብለው ተቆጡ። ለቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን በደረሱት መዝሙር ውስጥ ደግሞ ሙሴን አርባ ዓመት ምን እንዳዘገየው የሚጠይቅ ስንኝ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች በብዙ ትሕትና አስወጡት።

ሁሴን ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የሳሉት ተራራ ግን ሌላ ነገር ነው። ጫፉ ነጭ ሆኖ ደመና ውስጥ ገብቷል፤ ከግርጌው አንዲት ትንሽ ሴት እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሽቅብ ታያለች። ሁሴን ማን ናት ብሎ ቢጠይቃቸው "የምትጠብቀው ናት" ብለውት ብሩሻቸውን ማጠብ ቀጠሉ። አመሻሽ ላይ የሻዩ እንፋሎት ቤቱን ሲሞላው ደመናው የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ ከተራራው ቀዝቃዛ ነፋስ የመጣብህ መስሎህ ኮትህን ትሰበስባለህ። ጉደታ ከዚያ ሥዕል ፊት ተቀምጦ ሻዩ የቀዘቀዘበት ቀን ብዙ ነው። ሰውዬውን ባይወዳቸውም ሥዕላቸውን ይወድ ነበር።

ጉደታ ሾላ ገበያ እህል የሚነግድ፣ ነገሩን በሆዱ የሚይዝ ሰው ነው። ቤቱ ከጋሽ ኢታና ቤት ጋር በአጥር ስለሚዋሰን ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ተጠያቂ እሱ ነበር። ሲበዛበት መዋሸት ጀመረ። ጸጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ ጅማ ደርሼ ለምሳ እመለሳለሁ ይላቸዋል። ጋሽ ኢታና ለምሳ እንኳ አትደርስም፣ ለእራት በለው፣ ጊቤ ላይ ጭቃ አለ ብለው መክረው ይሸኙታል።

አንድ ዝናባማ ቀን ደግሞ ናዝሬት ሄዶ አመሻሽ ላይ እንደሚመለስ ነገራቸውና በጓሮ በኩል ዞሮ ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ሲመሽ በመስኮት ቢያይ ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል። እራት ቀረበ፤ እሳቸው እንደቆሙ ናቸው። ሚስቱ ታደለች ኧረ ኃጢአት ነው፣ ሰውዬውን ወደ ቤታቸው አስገባቸው ብላ ጨቀጨቀችው። በጓሮ ወጥቶ፣ ሰፈሩን ዞሮ፣ ከናዝሬት እንደመጣ ሰው በፊት ለፊት ከመድረስ በቀር ምርጫ አልነበረውም። አጠገባቸው ሲደርስ ውሃ በውሃ ሆኗል። መንገዱ እንዴት ነበር አሉት፤ ደህና ነው አላቸው።

ከዚያ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ መጣ፤ ከምርጫውም በኋላ ያ ክረምት። ታክሲ ውስጥ ወሬ ቀነሰ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በጎን ማየት ጀመረ። እስከዚያ ድረስ አሰልቺ ብቻ የነበረው ጥያቄ አሁን የሚያስፈራ ሆነ። ጉደታ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ይህ ሁሉ ማን ወዴት ሄደ፣ መቼ ተመለሰ የሚባለው ነገር ለማን ነው የሚሰበሰበው አለ። ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ አፉን ዘጋ። ጋሽ ኢታና ሲጠይቁ ሰው ሰማይ ሰማይ እያየ ያልፋል። እሳቸው መጠየቁን አልተዉም፣ ድምፃቸው ግን ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ሄደ። ጉደታ ደስ ሊለው ሲገባ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ አላለውም።

መልስ የምትሰጣቸው አንዲት ሰው ብቻ ቀረች፤ የጉደታ ልጅ ወንጌል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤቷን የምትጠብቅ፣ ከመዘምራን ጋር የምታገለግል ዝምተኛ ልጅ ናት። ከሰውዬው ጋር እንዳታወራ አባቷ ከልክሏት እሺ አባዬ ብላው ነበር።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ጉደታ ሱቁን ዘግቶ አቀበቱን ሲወጣ እንጦጦ የለም፤ ጉም ውጦታል። ቤት ገብቶ ወንጌልስ ቢላት ታደለች ደነገጠች። እሷ፣ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ሱቅ ያለች መስሏት ነበር፤ እሱ ደግሞ ከእናቷ ጋር ቤት ያለች መስሎት ነው የዋለው። ሁለቱ የመዘምራን ጓደኞቿ ቤት ተደወለ። እነሱም ቤት የሉም፤ ወላጆቻቸው ልጆቹ እነ ወንጌል ቤት ናቸው ብለው ተረጋግተው ተቀምጠዋል። በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጉደታ ኮቱን ሳያወልቅ ወደ በሩ ተመለሰ። ልጁ የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው ቢኖር አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ገባው፤ ያም ሰው ክረምቱን ሙሉ ሰላምታ የነፈጋቸው ጎረቤቱ ናቸው።

ጋሽ ኢታና በራቸው ላይ አጎንብሰው የቡት ጫማቸውን ክር እያሰሩ ነበር። ገመድ ትከሻቸው ላይ፣ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፤ ጃንጥላቸው ከጎናቸው ነው። ልጅቷ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ለጸሎት ወደ ጫካው እንደወጣች፣ በአሮጌው የውሃ ጋን በኩል እንደሄደች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ ብላ እንደነበረና ሰዓቱ እንዳለፈ ሳያቆራርጡ ነገሩት።

"አንተን ልጠራህ ነበር" አሉት ቀና ብለው። "ትከፍትልኝ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።"

ጎርፉ በሚወርድበት መንገድ ሽቅብ ተያያዙት። ጋሽ ኢታና እያለከለኩ ስለ አንድ የድሮ ጉዞ አወሩት። ባሌ ተራራ ላይ ብቻቸውን ከድንኳኑ ሊወጡ ሲሉ፣ ለጉዞው ምግብ የምታበስል አንዲት ልጅ ወዴት፣ በየት በኩል፣ መቼ ብላ ወጥራ ያዘቻቸው። እሳቸው ተናደው መለሱላት። ገደል ገብተው፣ እግራቸው ተሰብሮ፣ ጉም ውስጥ ባደሩበት ስፍራ በማግሥቱ ሰው የደረሰላቸው በዚያ መልስ ነው።

"ከዚያ ምን ላድርግ፣ አገባኋት" አሉት።

ባለቤታቸው ሸዋረጋ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ ጉደታ ለቅሶዋ ላይ ድንኳን ተክሏል። ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ የቆመችው ሴት ማን እንደሆነች ያን ጊዜ ገባው። በዕድሩ ስብሰባ ላይ የተናገረው ነገር ትዝ ሲለው ክፉኛ አፈረ፤ ፊቱን ለዝናቡ ሰጥቶ መውጣቱን ቀጠለ።

የመጨረሻው ቤት ካለቀበት ሲደርሱ የሽማግሌው ጉልበት እንቢ አለ። አንድ ድንጋይ ተደግፈው ቆሙና የቀረውን መንገድ ነገሩት። ወንዙ ሞልቶ ይሆናል፣ እንዳትገባበት፤ ወደ ላይ ሂድ፣ ባሕር ዛፍ ወድቆ እንደ ድልድይ የሆነበት ስፍራ አለ። እኔ ፊሽካ እነፋለሁ፤ ድምፁን እየሰማህ ሂድ። ጉደታ ሊሄድ ዞር ሲል መቼ እንደሚመለስ ጠየቁት። በዚህ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገራቸው።

"አላውቅም ጋሽ ኢታና። ፈርቻለሁ።"

"እሺ" አሉት። "እኔ እዚሁ ነኝ።"

ጫካው ውስጥ ሲገባ ዝናቡ ቀጥኖ ጉሙ ወፈረ። ባሕር ዛፎቹ አንድ በአንድ ከነጩ ነገር ውስጥ ይወጣሉ፣ ሲያልፋቸውም መልሰው ይጠፋሉ። መሬቱ አይታይም፤ እግሩ ቅጠል ይርገጥ ደመና ይርገጥ አይለይም። ከታች ፊሽካው ይነፋል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይነፋል። ጉደታ በሕልሙ የሚሄድ ያህል ሆኖ ተሰማው፤ እዚያ ድምፅ ላይ የታሰረ አንድ ክር ወገቡን የያዘው ይመስል፣ ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ለቀቀው። እንጨት ለቃሚ ሴቶች ሲወርዱበት ከሩቅ የሚያየው ይህ ተራራ እንዲህ ሰፊ መሆኑን፣ ዕድሜውን ሙሉ ከሥሩ ኖሮ አላወቀም ነበር።

ወንዙ እውነትም ሞልቷል። ከወንዙ ማዶ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ዝማሬ ሰማ። ሦስቱ ልጆች የሚያሻግር አጥተው አንድ ዐለት ሥር ተጠግተው፣ እየተንቀጠቀጡ ይዘምራሉ። ጉደታ ወደ ላይ ሮጦ የወደቀውን ባሕር ዛፍ አገኘ፤ በዳዴ ተሻግሮ፣ ልጁን ጭምቅ አድርጎ ይዞ አለቀሰ። ከዚያ ወደ ቁልቁለቱ ዞሮ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ አገኘኋቸው፣ ሦስቱም ደህና ናቸው፣ በላይኛው በኩል እየወረድን ነው ብሎ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ፊሽካው አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ተነፋና ዝም አለ።

ሲወርዱ ሁለቱ ጓደኞቿ ከፊት ቀደሙ። ወንጌል የአባቷን ኮት ለብሳ አጠገቡ ትሄዳለች። ፈርታ እንደሆነ ጠየቃት። ብዙ አልፈራሁም፣ ጋሽ ኢታና መቅረታችንን እንደሚያውቁ አውቅ ነበር አለችው።

"ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?" አላት።

ወንጌል ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ጥያቄው ገርሟት ነው።

"አልጠየቅከኝማ፣ አባዬ።"

ጥቂት እንደወረዱ ጉደታ፣ ለመሆኑ ስትጸልዩ ምን ለመናችሁ አላት። መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ሲጠብቅ ስታየው ግን መናገር ጀመረች፤ ስለ ውጤቷ፣ ስለምትፈራው ነገር፣ ስለ እሱም። ሰምቶት የማያውቀው ብዙ ነገር ነበር።

ጉሙ ሳሳ ሲል ከታች ጃንጥላው ታየ። ጋሽ ኢታና ድንጋዩን እንደተደገፉ ሰዓታቸውን ያያሉ። የልጅቷ ወሬ ገና ግማሽ ላይ ነበርና ጉደታ እርምጃውን አዘገየ። ቢዘገዩም የሚጠብቃቸው ሰው አለ።